ትልቅ ሃርድ ዲስክ ለአሮጌ ዴስክቶፕ፦ ሻጩ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት ይናገር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር እየጠገንኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በየቀኑ የማየው ነገር ስላስቆጨኝ ነው፤ ብታትሙልኝ ብዙ ሰው ከኪሳራ ይድናል ብዬ አምናለሁ።

ጉዳዩ ወዲህ ነው። ሃርድ ዲስኩ ስለሞላ ብቻ ስንት ደህና ዴስክቶፕ ይጣላል። ማዘርቦርዱ ጤነኛ፣ ፕሮሰሰሩ ጤነኛ፣ ራሙ ጤነኛ፤ ሲ ድራይቩ ግን ቀይ ሆኗል። ባለቤቱ ወይ ማሽኑን ጥግ ያስቀምጠዋል፣ ወይ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ገዝቶ ይመጣና «አላነበበውም» ይባላል። ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። ሻጩ ማሽኑን ያማል፣ ገዢው ሻጩን ያማል፣ ጠጋኙ መሃል ላይ ይቆማል። አብዛኛው ጭቅጭቅ ግን ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት በሁለት ደቂቃ ንግግር ማለቅ የሚችል ነው።

«አዲስ ለምን አይገዙም?» የሚል አይጠፋም። አንደኛ፣ አዲስ ዴስክቶፕ ዛሬ የስንት ወር ደመወዝ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሁለተኛው ምክንያት ግን ከዋጋውም በላይ ያሳስበኛል። በየጽሕፈት ቤቱ፣ በየማተሚያ ቤቱና በየደብሩ ያሉት አሮጌ ማሽኖች የብዙ ዓመት የአማርኛና የግዕዝ ጽሑፍ ይዘዋል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የፊደላት መለያ ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ ሁሉም በየራሱ ፎንትና በየራሱ ሶፍትዌር ነበር የሚጽፈው። ያንን ፋይል ፎንቱ በሌለበት አዲስ ላፕቶፕ ላይ ክፈቱት፤ የሚታያችሁ የላቲን ፊደልና የምልክት ድርድር ነው። የሶፍትዌሩ ሲዲ ጠፍቷል፣ የጫነው ልጅ ሥራ ቀይሯል። ስለዚህ ማሽኑ እንዳለ መቆየት አለበት፤ የሚያስፈልገው ቦታ ብቻ ነው።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ ደግሞ «ይህ ማሽን አበቃለት» የሚለው ምክር በዝቷል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕና አዲስ ትውልድ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ አሮጌዎቹ ይህን አያሟሉም፣ እውነት ነው። ይህ ግን የሶፍትዌር ጉዳይ ነው፤ ብረቱ ገና ይሠራል። ኢንተርኔት የማይነካ የጽሕፈት ማሽን ባለበት መሥራት ይችላል። ኢንተርኔት የሚነካው ላይ ደግሞ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለው ነፃ ሲስተም ተጭኖ ሥራው ይቀጥላል።

አሁን አንድ ነገር በቅርበት ላሳያችሁ። ሰርግ የሚቀርጽ አንድ የቪዲዮ ቤት ባለቤት ዴል ኦፕቲፕሌክስ 780 አለው። 500 ጊጋባይቱ ሞላበትና 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ገዛ። የሸጠለት ሱቅ ገጠመለት። ማሽኑ ሲነሳ ዲስክ ማኔጅመንት በሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ ማስተዳደሪያ መስኮት ላይ አንዱ ሳጥን 2048 ጊጋባይት ይላል፤ ከጎኑ አናቱ ላይ ጥቁር መስመር ያለበት ሌላ ሳጥን አለ፣ 1678 ጊጋባይት፣ «አናሎኬትድ» (ያልተመደበ) ይላል። ያንን በቀኝ ማውስ ብትጫኑት አዲስ ቮልዩም መፍጠሪያው ደብዝዟል፣ እሺ አይልም። ሱቁ ምን አለው? «ግማሹ ተበላሽቷል፣ ትንሽ ጨምርና በሌላ እንቀይርልህ።» ሰውየው ሊከፍል ነበር። ዲስኩ ግን ምንም አልሆነም፤ ንጹሕ ነበር።

የሆነው ይህ ነው። ዲስክ የሚቆጠረው ሴክተር በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ሲሆን ባብዛኛው ለማሽኑ የሚታየው አንዱ ሴክተር 512 ባይት ሆኖ ነው። ኤምቢአር የሚባለው የድሮ የፓርቲሽን (የዲስክ ክፍፍል) ሰንጠረዥ ሴክተሮቹን የሚጠራው በ32 ቢት ቁጥር ነው፤ ይህ ቁጥር ደግሞ 4,294,967,296 ሴክተር ላይ ያልቃል። በ512 አባዙት፣ 2.2 ትሪሊዮን ባይት ገደማ ይመጣል፤ ዊንዶውስ 2048 ጊጋባይት ብሎ የሚጽፈው እሱን ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ቦታ አለ፣ ግን ሰንጠረዡ የሚጠራበት ቁጥር የለውም። መፍትሔው ዲስኩን ጂፒቲ በሚባለው፣ ከዚያ በላይ መቁጠር በሚችለው አዲሱ ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ነው። ዲስኩ ባዶ ከሆነ ጥቂት ደቂቃ የማይፈጅ፣ ሳንቲም የማይጠይቅ ሥራ ነው። ዊንዶውስ አዲስ ዲስክ ሲያይ «ኤምቢአር ወይስ ጂፒቲ?» ብሎ ራሱ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ሳያነብ እሺ ብሎ ያልፋል። ዳታ ከተጫነበት በኋላ ግን በዲስክ ማኔጅመንት ለመቀየር መጀመሪያ ዲስኩን ባዶ ማድረግ የግድ ነው፤ አንድ ሙሉ የሰርግ ወቅት ከተጫነበት በኋላ ይህን መስማት ምን እንደሚመስል አስቡት።

ሌላ ጣጣ አለ። ዊንዶውስ ከጂፒቲ ዲስክ ላይ የሚነሳው ማሽኑ ዩኢኤፍአይ የሚባለው አዲሱ የማስነሻ ፕሮግራም ሲኖረው ነው። 780ን የመሰሉ በድሮው የማስነሻ ፕሮግራም፣ በባዮስ ብቻ የሚሠሩ ማሽኖች ትልቁን ዲስክ እንደ ዕቃ ማስቀመጫ በደንብ ይጠቀሙበታል፣ ዊንዶውስን ግን ከእሱ ላይ አያስነሱም። ስለዚህ እኔ የምመክረው ዊንዶውሱን 240 ጊጋባይት በሆነ ትንሽ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ላይ አድርጎ ትልቁን ዲስክ ለፋይል ብቻ መተው ነው። ማሽኑም ይፈጥናል። ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው የድሮው ሳታ 2 መስመር የኤስኤስዲውን ሙሉ ፍጥነት ባያወጣም ከሃርድ ዲስክ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

የበለጠ ቀላል ነገር ለሚፈልግ ደግሞ ግልጽ ምክሬ ይህ ነው፦ ለአሮጌ ማሽን 2 ቴራባይት ግዙ። ከ2.2 ትሪሊዮኑ ገደብ በታች ስለሆነ ኤምቢአርም ቢሆን ይበቃዋል፣ ባዮሱም ከእሱ ላይ ዊንዶውስን ያስነሳል፣ ጭቅጭቅ የለውም። 4 ቴራባይት ለመግዛት ያሰበ ሰው ሁለት ባለ 2 ቴራባይት ቢገዛ እመርጣለሁ፤ ዋናውን ሥራ በሁለቱም ላይ ቢያስቀምጥ አንዱ ቢሞት ሌላው ይተርፋል።

በነገራችን ላይ 1 ቴራባይት ገዝታችሁ 931 ጊጋባይት ብታዩ ማንም አልሰረቃችሁም። ፋብሪካው በ1000፣ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥሩ ነው። 3 ቴራባይት ገዝታችሁ 746 ብቻ ካያችሁ ግን ቁም በሉ። ይህ የድሮ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከዲስኩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ወይም የድሮ የዩኤስቢ ሳጥን ቁጥሩን መቁጠር አቅቶት ከገደቡ የተረፈውን ብቻ ሲያሳይ የሚመጣ ነው፤ ድራይቨሩ እስኪስተካከል አንድም ፋይል አትጻፉበት።

ከዚያም ያረጁ አሉ። ሰፊ ጠፍጣፋ ኬብል ያላቸው፣ አይዲኢ የሚባሉት። እነሱ ላይ የሚገጥመን ግድግዳ 137 ጊጋባይት ነው፣ ምክንያቱም ሴክተር የሚጠሩት በ28 ቢት ነበር። 48 ቢት የመጣው ኤቲኤ 6 ከሚባለው ደረጃ ጋር በፈረንጆቹ 2002 አካባቢ ነው፤ ዊንዶውስ ኤክስፒም በትክክል የደገፈው ከሰርቪስ ፓክ 1 ጀምሮ ነው። ያለዚያ ትልቅ ዲስክ ከገጠማችሁ መጥፎው ነገር ዲስኩ አለመታየቱ ሳይሆን ታይቶ መሥራቱ ነው፤ 137ን ሲያልፍ የዲስኩ መጀመሪያ ላይ ደርቦ ሊጽፍና ያለውን ሊያጠፋ ይችላል። እንዲህ ያለ ማሽን ላይ ብር አታባክኑ፤ ፋይሉን አውጡና ወደ ሌላ አዛውሩት።

ወደ ብረቱ እንግባ። መብራቱን ነቅላችሁ፣ ማብሪያውን አንዴ ተጭናችሁ የቀረውን ኃይል አስወጡ፣ ከዚያ ክዳኑን ክፈቱ። ዴሉ ላይ ዲስኩ ሰማያዊ ፕላስቲክ ውስጥ ነው የተቀመጠው፣ ሁለቱን ጎን ጨምቃችሁ ትስቡታላችሁ፣ ብሎን መፍታት አያስፈልግም። ዲስኩ በብሎን የሚታሰርባቸው ሌሎች ማሽኖች ላይ ግን ልብ በሉ፦ አንዳንድ 6 ቴራባይትና ከዚያ በላይ የሆኑ ዲስኮች የመሃሉ የብሎን ቀዳዳ ቦታው ተቀይሯል ወይም የለም፣ በሁለት ብሎን ብቻ ታስሮ የሚንቀጠቀጥ ዲስክ ደግሞ ዕድሜው ያጥራል። ኬብሉን ከገጠማችሁ በኋላ ዲስኩ ካልታየ ለመመለስ አትቸኩሉ። ዴል ማሽን ላይ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ድራይቭስ የሚለውን እዩ፤ ያልተሠራበት የሳታ ወደብ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፣ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። በዚህ ብቻ «የተቃጠለ» ተብሎ የተመለሰ ዲስክ ብዙ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክቧን ሲአር2032 ባትሪም አብራችሁ ቀይሩ። እሷ ስትደክም ሰዓቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የባዮሱ ምርጫ ይጠፋል፣ የሳታው የአሠራር ምርጫ ከተቀየረ ዊንዶውስ አልነሳም ይላል፤ ጥፋቱም አዲሱ ዲስክ ላይ ይላከካል።

የኃይል መስመሩ ላይ ሁለት ነገር ልናገር። ዲስክ መሽከርከር ሲጀምር ከ12 ቮልቱ መስመር ወደ 2 አምፔር ሊስብ ይችላል፤ የደከመ ፓወር ሰፕላይ ላይ ሦስት ዲስክ መደርደር አይሆንም። ሁለተኛ፣ ከድሮው ባለ አራት ፒን ሶኬት ወደ ሳታ የሚቀይሩት ርካሽ ኬብሎች፣ በተለይ ሽቦው በፕላስቲክ ውስጥ ተቀልጦ የታሸገባቸው፣ ውስጥ ለውስጥ ተነካክተው እሳት ያስነሳሉ። ሽቦው ተለይቶ የሚታይበትን ዓይነት ፈልጉ። አንዳንድ ከዩኤስቢ ሳጥን ወይም ከሰርቨር የወጡ ትልልቅ ዲስኮች ደግሞ በሳታው የኃይል ሶኬት ሦስተኛ ፒን 3.3 ቮልት ካገኙ ጨርሶ አይሽከረከሩም፣ ምክንያቱም በአዲሱ ደረጃ ያ ፒን የማጥፊያ ትእዛዝ ነው። የድሮ ፓወር ሰፕላይ ይህን አያውቅም። ዲስኩ ሌላ ማሽን ላይ እየሠራ የእናንተ ላይ ጸጥ ካለ ይህን ጠርጥሩ። ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣው ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ ሶኬት ከመሰካታችሁ በፊት ከኋላ ያለችውን ቀይ ማብሪያ እዩ፤ 115 ላይ ካለች ወደ 230 አዙሯት። አለበለዚያ ስለ ዲስክ የምንነጋገርበት ማሽን አይኖርም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፋይሉን ማዛወሩ ነው። ያ የጠፋ ሲዲ ሶፍትዌር ያለበትን ማሽን «ፎርማት አድርገን እንጫን» ለሚል ሰው አትስጡ። ክሎን ይደረግ። ክሎንዚላ ነፃ ነው፤ ዊንዶውሱን ከነሶፍትዌሩ፣ ከነፎንቱ፣ እንዳለ ወደ አዲሱ ዲስክ ይገለብጠዋል። እዚህ ላይ የሚያስፈራኝ ስሕተት አንድ ነው፤ ባዶውን ዲስክ በሞላው ላይ መገልበጥ። አንዴ ከተጀመረ መመለሻ የለውም። ክሎንዚላ ሁለት ጊዜ «እርግጠኛ ነህ?» የሚለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት የሁለቱም ዲስክ ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ስክሪኑ ላይ ካለው ጋር ይመሳከር፣ ባለቤቱም አጠገብ ቆሞ ይይ። ዩፒኤስ ከሌለም አይጀመር፤ መብራት በመሃል ከሄደ እንደገና ከዜሮ ነው። አሮጌው ዲስክ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካሰማ ወይም እየተንቀረፈፈ ከሆነ ደግሞ በተራ ኮፒ አታስጨንቁት። ዲዲሬስኪው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ያወጣል፣ የታመመውን ክፍል ለመጨረሻ ያቆየዋል፣ የደረሰበትንም እየመዘገበ ስለሚሄድ ከቆመበት ይቀጥላል።

አሁን ወደ ገበያው። ሱቅ ውስጥ «አዲስ ነው፣ ፓክድ ነው» ተብሎ የሚሸጥ ዲስክ ሁሉ አዲስ አይደለም። የደህንነት ካሜራ መቅጃ ውስጥ ሌት ተቀን ሲሽከረከሩ የከረሙ፣ ከሰርቨር የወጡ ዲስኮች ተጠርገው፣ አዲስ የፕላስቲክ ከረጢት ገብተው ይሸጣሉ። ያገለገለ መሸጥ ነውር አይደለም፤ እኔም ያገለገለ እገጥማለሁ። ነውሩ አለመናገሩ ነው። መኪና ስንገዛ የሄደበትን ኪሎ ሜትር እንደምናየው ዲስክም የሠራበትን ሰዓት ራሱ ይመዘግባል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ስትከፍቱ «ፓወር ኦን አወርስ» የሚል መስመር አለ። አንድ ዓመት ሳይጠፋ የሠራ ዲስክ 8,760 ሰዓት ይላል። 40,000 ካያችሁ ያ ዲስክ ከአራት ዓመት ተኩል በላይ ሮጧል ማለት ነው። ከዚያ «ሪአሎኬትድ ሴክተርስ» እና «ከረንት ፔንዲንግ» የሚሉትን፣ የተበላሹና የተጠረጠሩ ሴክተሮችን የሚቆጥሩትን መስመሮች እዩ፤ ትክክለኛው ዋጋቸው ዜሮ ነው። ቀለሙ ሰማያዊ መሆን አለበት፤ ቢጫ ከሆነ ዋጋው በግማሽ ቢቀነስም አልወስድም። ሰዓቱን ወደ ዜሮ የሚመልሱ ሰዎችም አሉ፤ ስለዚህ ዜሮ ሰዓት የሚል ዲስክ ሶኬቱ ላይ የተፋቀ ምልክት፣ የብሎን ቀዳዳው ላይ ጭረት ካለው አትመኑት። ይህ ሁሉ ምርመራ ዩኤስቢ ማገናኛና ላፕቶፕ ላለው ሱቅ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ማንም የማያነሳው። አሮጌው ዲስክ የት ይሄዳል? ብዙ ጊዜ ጠጋኙ «ለኔ ተወው፣ ዋጋ እቀንስልሃለሁ» ይላል፣ ፈጣን ፎርማት ያደርገውና ይሸጠዋል። ፈጣን ፎርማት ፋይል አያጠፋም፤ ማውጫውን ነው የሚያጠፋው፣ ፋይሉ በነፃ ፕሮግራም ተመልሶ ይወጣል። የፎቶ ቤት ዲስክ ውስጥ የሰው ሰርግ፣ የሰው ልጅ፣ የመታወቂያና የፓስፖርት ፎቶ አለ። የሒሳብ ባለሙያው ዲስክ ውስጥ የደንበኞቹ ገቢ አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶ እያለ ይህን በጥቂት መቶ ብር ቅናሽ መስጠት ተገቢ አይደለም። አሮጌው ዲስክ የባለቤቱ ነው። አዲሱ በደንብ መሥራቱ እስኪረጋገጥ ሳይነካ ይቀመጥ፣ ከዚያ የሚሸጥ ከሆነ ከዳር እስከ ዳር ዜሮ ይጻፍበት። ሰዓት ይፈጃል፣ ግን ሰው ሳይጠብቀው ሌሊቱን ማሠራት ይቻላል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ዲስክ ሻጮች ደረሰኛችሁ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የዲስኩን ሲሪያል ቁጥር፣ ስትሸጡት የነበረውን የሥራ ሰዓት፣ እና አዲስ ይሁን ያገለገለ። ከመሸጣችሁ በፊትም «ማሽንህ ምንድን ነው፣ ዊንዶውሱን ከዚህ ላይ ልታስነሳ ነው ወይስ ለፋይል ብቻ?» ብላችሁ ጠይቁ። ገዢዎችም የማሽናችሁን ሞዴል ከጀርባው ላይ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ደግሞ የንግድ ቢሮንና የሸማቾች ጥበቃን ሰዎች ያገለገለ ሃርድ ዲስክ አዲስ ተብሎ ሲሸጥ ገዢው አቤቱታውን የት፣ በምን ማስረጃ እንደሚያቀርብ ጠይቃችሁ መልሱን ብታትሙልን፣ እኔ ሱቄ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ